የዘሩ ድምፅ

ካኒዮ የወይን ጠጅ ማኖሪያ ዋሻውን ቁልፍ ለምን ለልጁ ትቶላት ሄደ? ቢነጥቃት ኖሮ ይገባት ነበር። ኢንኮሮናታ ይህን ጥያቄ ስታመላልስ ዓመት ሞላት።

በባሪሌ መንደር፣ በቩልቱሬ ተራራ ጥግ፣ አሊያኒኮ የሚሉት ጥቁር ወይን የሌላው አገር ወይን ተጠምቆ ሲያልቅ ገና ሐረጉ ላይ ነው። ካኒዮ ጣፈጠ ብሎ ለቅሞ አያውቅም። አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ ያፈርጣትና ዘሯን በጥርሱ ይሰብራል። እንደ ተቆላ ሽምብራ ካልተንኮሻኮሸች "ገና ናት" ብሎ ይመለሳል። እንዲህ እያለ እስከ ኅዳር መግቢያ፣ እስከ ቅዱስ ማርቲን ቀን ይዘልቃል።

አምና በመስከረም ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ሊወስዱት ሲሉ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት።

"ዘሯ ሳትሰበር መቀስ እንዳታነሺ።"

"እሺ፣ አባባ።"

"እሺን ተዪው፤ ማዪልኝ።"

በእናቷ መቃብር ማለች።

ጥቅምት ላይ፣ ስምንት ዓመት ሰሜን አገር የወይን ጠመቃ ስትማርበት የኖረችው መለኪያ የፍሬው ስኳር ሞልቷል አላት። ትንበያው ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይመጣል አለ። አንዷን ፍሬ ቀመሰች። ዘሯ አረንጓዴ ነበር፤ ምላሷን ጨምድዶ ያዘው። መለኪያዋን እንደገና አየችና ለቃሚ ጠራች።

ጎረቤታቸው ሳቢኖ አጥሩ ላይ ተደግፎ አያት።

"ዶክተሯ! ሠርግ አለብሽ እንዴ? ምን ያጣድፍሻል?"

"ዝናብ እየመጣ ነው፣ አጎቴ።"

"እኔንም ሞት እየመጣ ነው ካሉኝ ሃያ ዓመት ሆነኝ። ኧረ አባትሽ ይወቅ!"

"ይነገረዋል።"

ከሰዓት በኋላ አባቷ ደወለ። "እንዴት ናት?"

ቅርጫቶቹ ከኋላዋ ተደርድረዋል። "ገና ናት" አለችው።

ካኒዮ ከት ብሎ ሳቀ። "አየሽ! የኔ ልጅ!"

ዝናቡ አልመጣም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ወጣች፤ እንደዚያ ያለ ጥቅምት ሽማግሌዎቹም አያስታውሱም። በቅዱስ ማርቲን ዕለት ሳቢኖ እየዘፈነ ሲለቅም፣ ካኒዮ በምርኩዝ ከመኪና ወረደ። ባዶውን ማሳ አየ። አልጮኸም። አንድ ነገር እንደ ጠፋበት ሰው ቅጠሉን በምርኩዙ እየገለጠ በየሐረጉ ሥር ሄደ። በመጨረሻ ለቃሚ የረሳት አንዲት ትንሽ ዘለላ አገኘ፤ ከሷም አንዷን ፍሬ ቀጥፎ ነከሰ። የዘሩ ድምፅ ኢንኮሮናታ ድረስ ተሰማ።

"ዛሬ ነበር" አለ።

ሳቢኖ ነገሩን ለማቅለል ሞከረ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ ነበር። ይቺ ልጅ ግን ለቅማ ነው ያፈሰሰችው!"

ካኒዮ ወደ ዋሻው አመራ።

ዋሻው ውስጥ ከበርሜሉ ቀድታ ሰጠችው። ይተፋዋል ብላ ስትጠብቅ ዋጠው። ፊቱ ግን ተኮማተረ።

"በረዶ ይመታዋል ብዬ ፈርቼ ነው፣ አባባ።"

"መፍራትስ እኔም ሠላሳ ዓመት ፈርቻለሁ። 'ገና ናት' ብለሽኝ ነበር።"

ቁልፉን ዘረጋችለት። አልነካውም።

"ያዢው። እዚህ ውስጥ የኔ የሆነ ነገር የለም።"

በማግሥቱ ሜልፊ ከተማ፣ እህቱ ቤት ገባ።

ኢንኮሮናታ በየወሩ ከበርሜሉ ትቀምሳለች። ጊዜ ያለዝበዋል ይላል የተማረችበት መጽሐፍ። የፍሬው ጣዕም ለዘበ፤ የዘሩ ምሬት ግን እንዳለ ነው። ቁልፉን ባየች ቁጥር አንዳንዴ አደራ ይመስላታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰው የሞተበት ቤት ቁልፍ።

ዘንድሮ መለኪያዋን ከመሳቢያ አላወጣችም። ዝናቡ የምር መጣ። ሲሶው ወይን ሐረጉ ላይ ሻገተ፤ እሷ ግን ጠበቀች። በቅዱስ ማርቲን ጠዋት አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ አፈረጠች። ስልኳን ወደ ጉንጯ አስጠግታ የድምፅ መቅጃውን ከፈተች።

"አባባ፣ ስማ።"

ዘሩን ሰበረችው። ጥርት ብሎ ተሰማ።

"መቀስ አላነሳሁም። አንተ ቀምሰህ ለቃሚዎቹን 'ልቀሙ' በላቸው።"

መልእክቱን እንዳዳመጠው ስልኩ አሳያት። ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ እስክትገባ ቁልፉን ጨብጣ ከሜልፊ የሚመጣውን መንገድ አየች። መልስ አልመጣም፤ በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲህ።