ቀማሽ ያጣ ድስት

ምናሉ ጋዝ ምድጃ ላይ የተጣደው ትልቁ ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ሰክቶ ዘይቱ እስኪግል ይጠብቃል፤ ጆሮው ግን ከአጥሩ ወዲያ፣ መንገዱ ላይ ነው። የሚስ ሎሬታ አውሮፕላን ካረፈ ቆይቷል። ከኤርፖርት እስከ ሞንትቤሎ ሰፈር ደግሞ ሻንጣ የመጠበቅ ያህል እንኳ ጊዜ አይፈጅም።

"መጣች እንዴ?" አሉ ሚስተር ክላረንስ። ጓሮው ውስጥ ካሉት ወንበሮች ላይ በረዶ እየጠረጉ ነበር።

"ገና ናቸው።"

"ስትመጣ እንዳታሸት፣ አደራ። እንደ ውሻ ሳህን ላይ ስታነፈንፍ ካየችህ አለቀልኝ። እንደሚያውቅ ሰው ኮራ ብለህ ቁም። እጅህን ኪስህ ክተት።"

"እጄን ኪሴ ከትቼ በምኔ ልጥበስ?"

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ከሰመ።

ሚስተር ክላረንስ የሉዊዚያና ሰው ናቸው። ዴንቨር ውስጥ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ሚስታቸውን ቀበሩ፤ አሁን ከምናሉ ቤት አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ትልቅ የፉትቦል ጨዋታ ያለ ቀን፣ ጎረቤትና ዘመድ ጠርተው አዞ ይጠብሳሉ። የጅራቱን ሥጋ በትንንሹ ይቆርጡና በአሬራና በቅመም ዘፍዝፈው ያሳድሩታል፤ በማግስቱ በበቆሎ ዱቄት ለውሰው የጋለ ዘይት ውስጥ ይጨምሩታል። ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ነው። ዘንድሮ ግን ጉሮሯቸውን በጨረር ታክመው ሲወጡ ምላሳቸው እንጨት ሆኖ ቀረ። ስኳሩም ኮምጣጤውም አንድ ሆነባቸው። ይህን የሚያውቀው ምናሉ ብቻ ነው፤ አውሮራ ከተማ ከሚሠራበት ሆስፒታል ረፍት በወጣ ቁጥር ወደ ሕክምናው ያመላልሳቸው የነበረው እሱ ነበርና።

ታላቅ እህታቸው ሚስ ሎሬታ በስልክ ቁርጡን ነግረዋቸዋል። "መጥቼ በዓይኔ አይሃለሁ። ብቻህን መኖር ካቃተህ ቤቱን ሸጠህ እኔ ጋ ትገባለህ።" ሚስተር ክላረንስ ደግሞ እህታቸውን ያውቃሉ። መድኃኒት አትቆጥርም፣ ሐኪም አትጠይቅም። አንድ ጉርሻ ትጎርስና ትፈርዳለች።

ስለዚህ በእሳቸው ቦታ እንዲያጣፍጥና እንዲጠብስ ጎረቤታቸውን ለመኑ። ጎረቤታቸው ደግሞ ኦርቶዶክስ ነው፤ አዞ አይበላም።

"ለምን? በውኃ የሚኖር ቅርፊት ያለው ብላ አይደል የሚለው መጽሐፍህ? ይኸው ቅርፊት!"

"ክንፍም ይላል። ክንፉስ?"

"ከሁለቱ ፈተና አንዱን አልፏል እኮ፣ አንተ ሰው!"

ምናሉ ነገሩን እናቱን ወይዘሮ ጤናዬን በስልክ አማከረ።

"አዞ?" አሉ። "ስመ ሥላሴ! ዶሮው አለቀ?"

"እኔ ልበላው አይደለም እማዬ፤ ልሠራላቸው ነው። ሳይቀምሱ መሥራትን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ነው።"

እሱስ እውነት ነው። ወይዘሮ ጤናዬ የፋሲካን ዶሮ ወጥ የሚሠሩት በጾም፣ ጠብታ ሳይቀምሱ ነው። "ቁሌቱ መድረሱን አፍንጫዬ ይነግረኛል" አሉ። "ለጨው ግን ቀማሹ አንተ ነበርክ፤ ሕፃን አይጾምም። ጨው አይሸትም ልጄ። ሰው ፈልግ።"

ሰው ቢፈልግ ምስጢሩ ይወጣል። አልፈለገም። ልኬታውን የሚስተር ክላረንስ የዓመታት ልምድ ያውቀዋል ብለው ተማመኑ።

ዛሬ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ከፍቶ የተዘፈዘፈውን ሥጋ ሲያወጣ፣ "ጨውና ቅመሙ ገብቷል?" ብሎ ጠየቀ።

"የለም፣ አንተን ስጠብቅ ነበር" አሉት።

ምናሉ ክዳኑን ሲያነሳ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ሸተተው። አሬራውም ቀላ ያለ መሰለው። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ሽማግሌውን ማረም ነውር ሆነበትና በነገሩት ልክ ጨመረ።

የመኪና በር ተዘጋ። ሚስ ሎሬታ ወደ ቤት እንኳ ሳይገቡ፣ በጎን በኩል ቀጥ ብለው ወደ ጓሮው መጡ። ረጅም ሴት ናቸው። ከኋላቸው የሌላ እህታቸው ልጅ ዴሪክ ሻንጣ ይጎትታል፤ የሚኖረው እዚሁ ቅርብ፣ አውሮራ ነው።

"ክላረንስ! ከስተሃል።"

"የከሳሁትን አንቺ ወስደሽዋል።"

ተቃቀፉ። ሚስ ሎሬታ ከወንድማቸው ትከሻ በላይ ግን ዓይናቸውን ድስቱ ላይ ተክለው ነበር። "ማነው ይሄ?"

"ምናሉ፣ ጎረቤቴ። ብርዱ ለእጄ አልተስማማውም፤ እያገዘኝ ነው።"

ምናሉ የመጀመሪያውን ዙር ጨመረ። ዘይቱ ተንጫጫ። ቤት ውስጥ ጨዋታውን ሲጠብቁ የነበሩት ጎረቤቶች ቢራቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ሥጋው ወርቅማ ሆኖ ሲንሳፈፍ በብረት ቅርጫቱ አወጣና አንጠፈጠፈው፤ መልኩም ድምፁም ያማረ ነበር። ሚስ ሎሬታ አንዱን አንስተው እፍ አሉበትና ጎረሱ።

አኘኩ። ከዚያ ማኘካቸው ቀስ አለ።

ሚስተር ክላረንስ ፍርድ እንደሚሰማ ሰው የእህታቸውን መንጋጋ ያያሉ። ዴሪክ ግን ታግሦ አያውቅም፤ የጎረሰውን ወደ ሶፍት መልሶ ተፋው። "ኧረ በፈጠራችሁ! ባሕሩን ነው እንዴ የጠበሳችሁት?"

ሚስ ሎሬታ አልተፉም። ዋጡት፤ ውኃ ጠጡ። "ማነው ያጣፈጠው?"

ምናሉ ያን ጊዜ ገባው። የጠዋቱ ሽታ እውነት ነበር። ሽማግሌው ማታ አጣፍጠውታል፤ ከዚያ ረስተውታል። ወደ እሳቸው ዞር ሲል ፊታቸው ላይ ያለው ማታለል አልነበረም፤ ጭራሽ አያስታውሱም። ምላስ ማጣት አንድ ነገር ነው። መርሳታቸው ከታወቀ ግን ቤቱ ሄደ።

"እኔ ነኝ" አለ። "እጄ ከበደብኝ።"

"ቀምሰኸዋል?"

ምናሉ ቅርጫቱን ደግሞ አንጠፈጠፈ።

"እንካ።" ሚስ ሎሬታ አንድ ቁራጭ አንስተው ዘረጉለት። "ለሰው የምታበላውን ራስህ ብላ።"

ቁራጩ መዳፉ ላይ ያቃጥላል። አንድ ጉርሻ ነው። ጎርሶ፣ "እውነትዎን ነው፣ ጨው በዝቶበታል" ቢል ነገሩ በእሱ ስህተት ይዘጋል፤ ሽማግሌውም ቤታቸው ይከርማሉ። ለንስሐ አባቱ የሚለውን ኋላ ያስብበታል። እጁን ወደ አፉ አነሳ።

"ተው!" አሉ ሚስተር ክላረንስ። "አስቀምጠው ምናሉ። ልጁ አይበላም፤ ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም። አትፈታተኚው፣ ሎሬታ። የማይቀምሰው እሱ ብቻ አይደለም።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ከሕክምናው ወዲህ እኔም አልቀምስም። ምንም። ይኸው ነው።"

በሩ ላይ የነበሩት እግራቸውን እያዩ አንድ በአንድ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። ሚስ ሎሬታ ከወንድማቸው ዓይናቸውን ነቅለው ወደ ምናሉ ዞሩ።

"አሁን እውነቱን ንገረኝ። ጨውን ማነው ያበዛው?"

"ጠዋት አልገባበትም አሉኝ። ሽታው ገብቷል ይል ነበር። እሳቸውን አምኜ ደገምኩት።"

"ይረሳል ማለት ነው።"

"አንዳንዴ። አንድ ጊዜ የወጥ ቤቱን ምድጃ ረስተው ወጥተዋል።"

"ምናሉ!" የሽማግሌው ድምፅ እንደ ጥፊ ነበር።

ምናሉ ግን አላቆመም። "መድኃኒታቸውን ረስተው አያውቁም። በረዶ ሲጥል የእኔን ደጅ ጠርገው የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው። የጠየቁኝ እውነቱን ነው፤ እውነቱ ሁለቱም ነው።"

ሚስ ሎሬታ ጎንበስ ብለው ጋዙን ዘጉት። የእሳቱ ጉርምርምታ ቀጥ ሲል ጓሮው ጭር አለ።

"ቤትህን አልነካብህም" አሉ። "ይህ የጋዝ ምድጃ ግን ዛሬ ማታ ከዴሪክ ጋር ይሄዳል። የወጥ ቤቱም ራሱን በሚያጠፋ ይቀየራል። አዞ ሲያምርህ ደውለህ ሰው ትጠራለህ።"

"አባታችን ብቻውን ነበር የሚጠብሰው!"

"ውሸት። እናታችን አጠገቡ ቆማ ትቀምስ ነበር።"

ሚስተር ክላረንስ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ወደ ምናሉ አላዩም።

ያልተጠበሰውን ሥጋ አጠቡትና ጨዉን እንዲስብለት አዲስ አሬራ ውስጥ ነከሩት። ቤት ውስጥ ጨዋታው ተጀምሮ ጩኸቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ምናሉና እህትና ወንድሙ ሦስቱ ግን ጓሮው ውስጥ በብርድ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ሚስ ሎሬታ ራሳቸው እሳቱን ለኮሱ፤ ምናሉ ጠበሰ። ሚስ ሎሬታ የመጀመሪያውን ቁራጭ ጎርሰው ሲያኝኩ፣ መቅመስ ያልቻሉት ሽማግሌና ያልተፈቀደለት ጎረቤታቸው አፍ አፋቸውን እያዩ ጠበቁ።

"ይሄስ ይበላል" አሉ።

ሚስተር ክላረንስ አንዱን አነሱ። ረጅም ጊዜ አኘኩት።

"ምን ምን ይላል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሚስ ሎሬታ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። "ላዩ ይንኮሻኮሻል። ውስጡ መጀመሪያ ዶሮ ይመስልሃል፤ ቆይቶ የረግረጉ ውኃ፣ ትንሽ ዓሣ ዓሣ ይመጣል። በርበሬው ኋላ ነው፤ ጉሮሮ ላይ..."

ምናሉም ቅርጫቱን እንደያዘ አዳመጠ።