የማሽኒስቱ ፔርሙስ

ማሽኒስቱ በሕይወቱ ሁለት ነገር አይችልም፦ መዝፈንና ሌላ ሰው ሒሳብ ሲከፍል ዝም ብሎ ማየት። ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት ጎን ባለችው ካፌ አስተናጋጇ ብቅ ስትል እጁ ከሁሉም ቀድሞ ኪሱ ይገባል። ባልደረቦቹ “ኧረ ዛሬ እንኳ ተው!” ቢሉት ማን ሰምቶ። ወሩ ሲጋመስ ደግሞ ለታክሲ ሚስቱን ይለምናል።

ሚስቱ ነገር ቶሎ ይገባታል፤ ለመናገር ግን ጊዜ ትመርጣለች። ልጃቸው ሰሌዳው ስለማይታያት ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር እየገለበጠች እንደምትማር መምህሯ የነገረቻቸው ዓርብ ነበር። ሚስቱ እሑድ ጠዋት ድረስ ጠበቀች።

“በቀን ስንት ቡና ትጠጣለህ?”

“ሁለት።”

“የስንት ትከፍላለህ?”

ማሽኒስቱ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ምንም አላገዘውም።

“እንደ ሰዉ ብዛት ነው እንግዲህ… አሥራ ስድስት። አንዳንዴ አሥራ ስምንት።”

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ዕለት ቤቱን ቀውጢ ያደርገው ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቅነቅ አድርጋ፣ “ከነገ ጀምሮ ቡና ከቤት ነው። የልጅቷ መነጽር እስኪገዛ ብቻ” አለች።

እሱን ያስጨነቀው ቡናው አልነበረም፤ ስሙ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጋባዥ ሲባል ኖሮ በአንድ ጠዋት ቋጣሪ ሊባል ነው።

“ጥግ ይዤ ብቻዬን ልጠጣ? ሰው ምን ይለኛል?”

“ብቻህን ጠጣ ያለህ ማን ነው?” አለችና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ለሠርጋቸው የተሰጣቸውን ትልቁን ፔርሙስ አወረደች። “ካፌውን ተው አልኩህ እንጂ ግብዣውን ተው አላልኩህም። አንተ ሳትጋብዝ ብትውል ታመህ ትተኛለህ፤ አውቅሃለሁ።”

በካፌው የሁለት ቀን ሒሳብ ቡና ተገዝቶ ቤት ቢፈላ፣ ያ ሁሉ ሰው ሳምንት ሙሉ እንደሚጠጣ ቀድማ አስልታዋለች። ማሽኒስቱ አፉን ከፍቶ አያት። ይህችን ሴት ያገባት ለመልኳ ነበር፤ ይሄ ጭንቅላት ምርቃት መሆኑ ነው።

በማግስቱ ፔርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ዕቃ የሰረቀ ሰው መስሎ ሥራ ገባ። የቡና ሰዓት ደርሶ ሁሉም ወደ በሩ ሲያመሩ ላብ አጠመቀው።

“ዛሬ… እዚሁ ነው” አለና ፔርሙሱን ወረቀት ክምር ላይ አስቀመጠው።

“ሚስትህ ናት ያፈላችው?” አለች ዲዛይን የምትሠራው ልጅ።

“ታዲያ እኔ ነኝ?”

ሳቁ። ቀዳላቸው። አንዱ ፉት ብሎ፣ “ካፌው እስከ ዛሬ ሲያጠጣን የኖረው እጣቢ ነው እንዴ!” ሲል ማሽኒስቱ ትከሻው ላይ የነበረው ሸክም ወረደለት።

በዚህ መሐል ሽማግሌው ጠራዥ ከመጽሐፍ ቁልሉ ጀርባ ቀና አሉ። እኚህ ሰው የቡና ሰዓት ሲደርስ ወይ ሙጫ ይደርቅባቸዋል፣ ወይ ሆዳቸውን ያማቸዋል። ማሽኒስቱም ኩሩ ናቸው ብሎ ከተዋቸው ቆይቷል። አሁን እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ።

“ከቤት ነው?”

“ከቤት ነው ጋሼ። ይቀመጡ።”

“ከቤት ከሆነስ ቅዳልኝ።”

ግማሹን ቆመው ጠጡ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ “አትቀየመኝ ልጄ” አሉ። “ካፌ ስትጠራኝ የምሸሸው ጠልቼህ አይደለም። ከጠጣሁ አንድ ቀን ተራዬ ይደርሳል፤ ስምንት ሰው የምጋብዝበት ደግሞ የለኝም። የቤት ቡና ላይ ማንም ተራ አይቆጥርም።”

ያን ሁሉ ዓመት ደረቱን ነፍቶ በከፈለ ቁጥር እኚህን ሰው ሲያባርር እንደኖረ ማሽኒስቱ አሁን ገባው። አፈረ። እሳቸው ግን ይህን ያህል ዓመት ችለው፣ ዛሬ ፊት ለፊት መናገራቸው ከእሱ ግብዣ ሁሉ በልጦ ታየው።

“ይድገሙ ጋሼ” ብሎ ፔርሙሱን አነሣ። ደገሙ።

በሦስተኛው ወር መነጽሩ ተገዛ። ልጅቷ ከሱቁ እስከ ቤት ድረስ የሱቅ ማስታወቂያውን ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች አደነቆረቻቸው። ቤት ሲገቡ ሚስቱ ፔርሙሱን አጥባ አደረቀችና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ልትመልሰው ተንጠራራች።

“ቃሌ ቃል ነው” አለች። “ከነገ ጀምሮ ካፌህ መሄድ ትችላለህ።”

ማሽኒስቱ ብድግ ብሎ ፔርሙሱን ከእጇ ተቀበላት።

“ጋሼ ነገ ምን ሊጠጡ ነው?” አላት።