የአባ ጨብሳ ልጆች

አለቃ ገብረወልድን እስከ ዛሬ አልወዳቸውም። ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ ግን አልወዳቸውም።

በ1921 ዓ.ም. አዳማ ላይ ሰርግ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነበር። የወንዱንም የሴቲቱንም ሰባት ቤት ቆጥረው፣ ዘመዳሞች አለመሆናቸውን አረጋግጠው፣ በዚያ በቆዳ በተለበጠ መዝገባቸው ላይ ካልጻፉ ቄሱ አያጋቡም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ መዝገቡን ሲገልጡ ሰማይን የሚከፍቱ ይመስላቸው ነበር።

የእኔ ተራ የደረሰው ዐቢይ ጾም ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው ነው። ጾሙ ከገባ እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም። እኔ ደግሞ እስከ ፋሲካ የምቆይበት አንጀት አልነበረኝም። ምን እደብቃለሁ፣ አሁን አርጅቻለሁ፤ የሁለት ወር እርጉዝ ነበርኩ። የሚያውቀው አለማየሁ ብቻ ነው።

አለማየሁ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው፣ ሐዲድ ጠጋኝ። እናትና አባቱ ሞተውበት መልካሳ ላይ የአባቱ እህት አዴ ዲንቄ ናቸው ያሳደጉት። አባቴ መርዳሳ ደግሞ ኮርቻ ሰፊ ነው። እሱም የሙት ልጅ ነው። እናቱ እሱን በሆዷ ይዛ ከአዋሽ ዳር ሸሽታ ሞጆ ደርሳ፣ ወልዳው ሞተች። ለአዋላጆቹ የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባሏ አባ ጨብሳ ይባላል። ጨብሳ የፈረሱ ስም ነው፤ ያን ጊዜ ጀግና ሰው የሚጠራው በፈረሱ ነበርና የሰውዬውን የገዛ ስም የጠየቃት አልነበረም። ስለዚህ አባዬን «መርዳሳ ማን?» ሲሉት «መርዳሳ ብቻ» ይል ነበር። እየሳቀ ነው የሚለው፤ ሳቁ ግን ያስጠላኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት አለቃ እቤታችን መጡ። አባዬና አለማየሁ ፊታቸው ተቀመጡ፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት አለማየሁን።

«የጆቴ።»

«ጆቴስ?»

«የቱፋ።»

«የቱፋ ፈረስ ማን ይባል ነበር?»

«ጨብሳ። መልካሳ ላይ አባ ጨብሳ ቢሉ የማያውቀው የለም።»

ከዚያ አለቃ መዝገቡን መለስ ብለው የአባዬን ገጽ ገለጡ። እኔ ቶሎ አልገባኝም፣ ሞኝ ነኝ መቼም። አባዬ ግን ገብቶት ከመቀመጫው ተነሣ።

«የሰው ስም ይመሳሰላል» አሉ አለቃ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። «ፈረስ ግን ጌታው አንድ ነው። ጨብሳ የሚባል ፈረስ ከአዋሽ ወዲህም ወዲያም ከአንድ በቀር አልነበረም፤ ሽማግሌዎች ነግረውኛል። መርዳሳ፣ አንተ የቱፋ ልጅ ነህ። የጆቴ ወንድም ነህ። እነዚህ ልጆች የወንድማማች ልጆች ናቸው። ሰርጉ ቀርቷል።»

እንዲሁ በቀላሉ፣ ዝናብ ቀርቷል እንደማለት።

አለማየሁ ተነሥቶ ወጣ። አባዬስ? አባዬማ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ቱፋ! አባቴ ቱፋ ነው! ኧረ እህት አለችኝ!» እያለ የአለቃን ጉልበት ሳመ። ከመጋረጃው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። የቅርብ ዘመድ ጽንስ ነው የያዝኩት እንግዲህ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚለው አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን አያስገቡኝም፣ ልጄን ክርስትና አያነሡልኝም። አፈር ልሁን አልኩ፤ የምሬን ነው ያልኩት።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። አባዬ ገበያውን እየዞረ «መርዳሳ ቱፋ እባላለሁ» ይላል፤ ሰው «እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ» ይለዋል። ኮርቻ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ ስሙን እንዲጠይቀው ያስገድደው ነበር። እኔን እህል አልወርድ አለኝ። አለማየሁን ጣቢያው ድረስ ሄጄ አጥሩ ሥር አገኘሁት፤ ቀና ብሎ አላየኝም። «አዋሽ ጣቢያ እንዲያዛውሩኝ ጠይቄያለሁ» አለኝ። «እኔስ? ይህስ?» ስለው ሆዴን ላለማየት ዞረ። ወንድ መሆን እንዴት ይቀላል አቦ!

ሰኞ ዕለት አዴ ዲንቄ በበቅሎ መጡ። አባዬ ልኮባቸው ነው፤ በግ አርዷል፣ ጎረቤት ጠርቷል፣ አለቃም መዝገባቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ገና ከበቅሎ ሲወርዱ አባዬ «እህቴ! እህት ዓለም!» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። አሮጊቷ ግን አላቀፉትም። እጃቸውን ራሱ ላይ ሊጭኑ ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። ጎረቤቱ «ድንጋጤ ነው» አለ።

እንጀራ ቀረበላቸው፣ አልነኩም። «ጾመኛ ነኝ» አሉ። ሰኞ ምን ጾም አለ? ጠላ ቀረበ፣ እንቢ። እኔው ራሴ ውሃ ሰጠኋቸው። በዚያ ፀሐይ ከመልካሳ በበቅሎ የመጣች፣ ከንፈሯ የደረቀ አሮጊት ውሃውን አይታ ፊቷን አዞረች።

ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። በእኛ አገር እንዲህ የሚያደርግ ማን እንደሆነ ልጅም ያውቃል። በመካከላቸው ደም ያለ ሰዎች ጉማው፣ የደም ዕርቁ፣ እስኪፈጸም ድረስ አንዱ በሌላው ቤት ውሃ እንኳ አይቀምስም።

ወደ ጓሮ ሲወጡ ተከተልኳቸው፤ የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩ።

«አዴ፣ የወንድምዎን ቤት ውሃ ለምን አይጠጡም?»

«ልቀቂኝ ልጄ።»

«አልለቅም! እርጉዝ ነኝ። የአለማየሁ ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ዋቃዮ! ዋቃዮ!» እያሉ አምላካቸውን ጠሩ። ከዚያ፣ ሰው ከተላከባቸው ጀምሮ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ነገሩኝ። «እህቴ ብሎ ላከብኝ። እስከ ዛሬ ማንም እህቴ ብሎኝ እንደዚህ አልተደሰተም። ዝም ብዬ ልሙት፣ እሱም ደስ ብሎት ይኑር ብዬ ነበር።»

«እኔስ? ሆዴ ውስጥ ያለውስ?» አልኩ። ጮኼባቸዋለሁ መሰለኝ። በአሮጊት ላይ መጮኼን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ያን ቀን ግን አላፈርኩም።

ተነሡ፤ ክንዴን ተደግፈው ገቡና አባዬ ፊት ቆሙ።

«መርዳሳ፣ እኔ እህትህ አይደለሁም።»

አባዬ ፈገግ እንዳለ ነበር።

«ጨብሳ የአባቴ ፈረስ አልነበረም፤ ያባትህ ነበር። በግጦሽ ተጣሉ፣ አባቴ አባትህን አዋሽ ዳር ገደለው፣ ፈረሱንም ወሰደ። ወንዙን ተሻግረን መልካሳ ስንሰፍር ፈረሱን በስሙ ሲጠራ ሰው ሰምቶ አባ ጨብሳ አለው፤ እሱም ዝም አለ። እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እናትህ ስትሸሽ አንተ በሆዷ ነበርክ።»

አለቃ መዝገባቸውን ገልጠው የአባዬን ገጽ ይፈልጉ ጀመር።

«የአባቴ ስም ማን ነበር?» አለ አባዬ።

«ሆራ።»

«ሆራ» አለ አባዬ። ሁለተኛም ደገመው፣ ለራሱ። ሦስት ቀን ሙሉ በአባቱ ገዳይ ስም ሲጠራ መክረሙ ያኔ ነው የገባው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘመድ አይደለንም። አያቴ በግፍ መገደሉ እየተነገረ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጉማው በሳምንት ውስጥ ያልቃል፣ ሰርጉም ይደርሳል እያልኩ ቀን እቆጥር ነበር። አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ዓይኔን ግን በምን ልሸፍነው? አባዬ ዞር ሲል ያዘኝ።

«ደስ አለሽ አይደል፣ በላይነሽ?»

መዋሸት አቃተኝ። «አዎ አባዬ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌ እንዲጠሩ፣ ጉማው ከጾሙ በፊት እንዲያልቅ ለአለቃ ነገራቸው። ከዚያ አሮጊቷን አያቸው። «ሦስት ቀን እህት ነበረችኝ» አለ፤ ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ «ይሁን፣ ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ደስ ይበለው» አለኝ።