ሁለት ጆንያ ወይራ

«የእርስዎስ ዘር ከየት ነው?» አለች ዳሲቱ፣ ብዕሯን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ።

ጋሽ ወልደሰንበት የቆርቆሮ በራቸውን በግማሽ ከፍተው ነበር። ቀስ ብለው ወደ ሩብ መለሱት።

«የእኔ ዘር?»

«አዎ። ደርሷል አይደል?»

«ምን ሊያደርግ ነው የሚደርሰው?»

«የእኛ ሥራ እንግዲህ መልቀም ነው። የእነ ጉተማን ባለፈው ሳምንት ለቅመን ጨርሰናል፤ አሁን የቀሩን እርስዎ ነዎት።»

«የእነ ጉተማን!» በሩ አንድ ዓይን ብቻ እስኪያሳይ ተገፋ። «ስሚ ልጄ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ባቡር ላይ ስሠራ ቲኬት እንጂ ዘር የጠየቅኩት ሰው የለም። እኔንም የጠየቀኝ የለም። በስተርጅና አልጀምርም።»

ዳሲቱ ያን ጊዜ ነው የነቃችው።

«አፈር ልብላ ጋሽ ወልደሰንበት! ወይራውን እኮ ነው! ከኋላዎ ያለውን ወይራ!»

ጋሽ ወልደሰንበት ዞረው፣ በአባታቸው ዘመን የቆመውን ዛፍ አሁን ሰው አምጥቶ የተከለባቸው ይመስል አዩት። ከዚያ ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ፤ እሷም በሩን ተደግፋ ሳቀች።

«ታዲያ ወይራ አትይም! ሰው በጠራራ ፀሐይ ዘርህን አምጣ ይባላል?»

ነገሩ በዚያው በሳቅ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታው ዘንድ ጎማ የሚያስነፉ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያውን ሰምተው፣ ሳቁን ሳይጠብቁ ሄዱ።

ዳሲቱ አቃቂ በሰቃ ውስጥ አምስት ሴቶች ያቋቋሙት የአገር በቀል ዛፍ ዘር ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ሊቀመንበር መባሉን ትወደዋለች፤ ቢሆንም ዛፍ ሥር ከአራቱ ጋር እኩል ነው የምትንበረከከው። የበሰለውን የወይራ ፍሬ ይለቅማሉ፣ በአሸዋ አሽተው ሥጋውን ያላቅቃሉ፣ አጥበው ጥላ ላይ ያሰጣሉ። አንዷ አባል ተሳስታ ፀሐይ ላይ ብታሰጣ ዳሲቱ አንድ ሳምንት አኩርፋታለች።

ይህ ሁሉ ለኮረብታው ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ የተተወ ኮረብታ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት የተገመጠ ዳቦ ይመስላል። የችግኝ ጣቢያው ካቻምና ከሩቅ ቆላ በመጣ ዘር ችግኝ አፍልቶ ተከለበት፤ የኅዳር ውርጭ አንድ ሳያስቀር ገደለው። ስለዚህ ዘንድሮ የዚህን አገር ብርድ ከሚያውቁ ዛፎች የተለቀመ ዘር ይምጣ ተባለ። ቢያንስ ከአሥራ አምስት እናት ዛፍ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ ከረጢት ላይም ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ይጻፍበታል። ማኅበሩ ይህን ካሟላ የዙሪያውን ወረዳ ሁሉ ዘር የሚያቀርበው እሱ ይሆናል። ካላሟላ ኮረብታው እንደገና የሩቅ ዘር ይጠብቀዋል። ርክክቡ ነገ ጠዋት ነበር፤ ሃያ አንድ ከረጢት ተዘጋጅቷል።

ከረጢቶቹ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የምትጽፈው አስካለች ናት፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል። «ዘር፦ የእነ ጉተማ።» «ዘር፦ የእማማ ትንቢት።» ሁሉም ወይራ ስለሆነ ወይራ ብሎ መጻፉ ትርፍ ድካም መስሏት ትታዋለች። ዳሲቱም አይታ አልፋዋለች።

አሥር ሰዓት ላይ የጋሽ ወልደሰንበትን ወይራ ተሸክማ የማኅበሩ ዕቃ ቤት ስትደርስ የተቃጠለ ወረቀት ሸተታት። አስካለች ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች። ሃያ አንዱ ከረጢት ባዶውን ታጥፏል፤ መሀል ወለሉ ላይ ሁለት ጆንያ ቆመዋል።

«ከረጢቶቹን ምን አደረግሻቸው?»

«ገለበጥኳቸው።»

«ወረቀቶቹስ?»

«አቃጠልኳቸው።»

«አስካለች!»

«ሰዎች መጡ። ‹ቤት ለቤት ዘር የምትመዘግቡት እናንተ ናችሁ?› አሉኝ። አንዱ ገብቶ ጽሑፉን በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ ስም በስም! ምን ልበለው?»

«ወይራ ነው አትይውም?»

«አልኩት። ‹ወይራ የሚል የታለ?› አለኝ።»

ዳሲቱ ለአንድ ወር የሚበቃ ቁጣ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። አስካለች ከሰባት ዓመት በፊት ሁለት ልጅና አንድ ፍራሽ ይዛ ነው አቃቂ የገባችው። የወጣችበትን ከተማ ስሙን አትጠራም። አንድ ቀን ብቻ፣ ፍሬ እያጠቡ ሳለ፣ «በደብተር ነበር የጀመረው» ብላ ነበር። «ቤት ለቤት ዘር እየጠየቀ የሚጽፈው ትሁት ልጅ ነበር። ውሃ ስጡኝ ብሎ ሰጥተነው ጠጥቷል።»

ዳሲቱ ጆንያው ውስጥ እጇን ከተተች። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ የደከሙበት ዘር ነው። የእማማ ትንቢት የትኛው፣ የእነ ጉተማ የትኛው፣ ማን ይለየዋል? ደብተሯ አለ፤ ግን ደብተሩ የሚያወራው ስለ ሃያ አንድ ከረጢት ነው።

«እንደገና ልጻፈው» አለች አስካለች። «ሃያ አንድ ቦታ እየሰፈርኩ እመልሰዋለሁ። የወይራ መልኩ አንድ ነው። ወይራ ብዬም እጽፍበታለሁ።»

ዳሲቱ ብዕሩን ሰጠቻት። አስካለች የመጀመሪያውን ፊደል ሳትጀምር ግን ዳሲቱ መልሳ ወሰደችባት። በግምት ቢጻፍና ከሦስት ዓመት በኋላ ከኮረብታው ግማሹ ቢደርቅ ደብተሩ ይገለጣል፤ አንዷ ያልበደለች ዛፍ፣ ምናልባት የእማማ ትንቢት፣ ደካማ እናት ተብላ ትሰረዛለች። በደህናው ዛፍ ፈንታም ሌላው ይመረጣል።

«ተይው» አለቻት።

ጠዋት የችግኝ ጣቢያው ባለሙያ ጉዲሳ በሞተር መጣ። ዳሲቱ ሁሉንም ነገረችው፤ ጋሽ ወልደሰንበት በር ላይ ቆማ የጠየቀችውንም አልደበቀችም። ጉዲሳ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ አሸተተ፤ አንዷን በጥርሱ ሞከራት።

«እንዲህ የጠራ ዘር አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ውሰደው።»

«እኔ አምንዎታለሁ እትዬ ዳሲቱ። ቅጹ ነው የማያምንዎት። ከየትኛው ዛፍ ተለቀመ ይላል፤ አይታወቅም የሚል ቦታ የለውም።»

«የጋሽ ወልደሰንበት ለብቻው አለ።»

«አንድ እናት ናት። ኮረብታውን በሙሉ ወንድምና እህት ላድርገው?»

«ጊዜ ስጠን፤ ሌላ እንለቅማለን።»

«ምን ተርፎ? የቀረውን ወፍ ጨርሶታል። ደግሞ ቢኖርስ በር ማን ይከፍትልዎታል?»

ዳሲቱ ዛሬ ጠዋት እማማ ትንቢትን ሰላም ስትላቸው መስኮታቸውን ነው የዘጉባት፤ ገና ሰላምታው ላይ። አስካለች ባልዲው ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች። የዕቃ ቤቱን ወለል በጣቷ ትጭራለች።

«እነዚህን ለአስፋልት ዳር ተከላ እወስዳቸዋለሁ» አለ ጉዲሳ። «እዚያ የሚጠይቅ የለም።» ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ሞተሩ ላይ በጎማ ገመድ ማሰር ጀመረ። ዳሲቱ የገመዱን ጫፍ ያዘችለት።

«ለኮረብታውስ?»

«ከዚያው ከካቻምናው ቦታ ይመጣል።»

«ከቆላው?»

«ከቆላው።»

«አንተ ጉዲሳ፣ እሱን እኮ ውርጭ አንድ ሳያስቀር ነው የገደለው!»

ጉዲሳ ሄልሜቱን አጠለቀ።

«ገድሎታል» አለ። «ወረቀቱ ግን ሙሉ ነበር።»