ቁልፉን እስከ ድልድዩ

በወልቂጤ ከተማ ሾፌር ከድሮን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ በሽተኛ ነው። የጊቤን ቁልቁለት እንደ እሱ የሚወርድ የለም ይባል ነበር። ይህን መጀመሪያ ያወራው እሱ ራሱ ቢሆንም፣ ሲውል ሲያድር ሰዉም አምኖለት ነበር።

መንዳት የተማረው ጣሊያን ጥሎት በሄደው ካሚዮን ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የነጋዴውን የሐጂ ሸረፋን ቡናና ቆዳ ከጅማ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ አዲስ አበባ ሲያመላልስ ኖረ። አንድ ልማድ ነበረው። ከጊቤ በላይ ካለው ከመጨረሻው አፋፍ ሲደርስ ካሚዮኑን ዳር ያቆማል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ለከበረው ሰው ያስረክባል። «እስከ ድልድዩ ይያዙልኝ» ይላል። ፍሬኑን ለቀቅ ያደርግና ያለ ሞተር፣ ማርሹን ነፃ አድርጎ እንዲያው በፎሌ፣ ኩርባውን ሁሉ እየጠመዘዘ ድልድዩ ድረስ ይንሸራተታል። ማዶ ሲደርስ ቁልፉን ተቀብሎ ሞተሩን ያስነሣል። ሰርገኛ የጫነ እንደሆነ ቁልፉን ሙሽራው ይይዛል፤ ለቅሶኛ እንደሆነ የሟች ታላቅ ወንድም ይይዛል። ከአገናና ከእምድብር የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ «የከድሮን ቁልፍ ይዤ ወረድኩ» እያሉ በየገበያው ያወሩ ነበር። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው አልሞተም። ዕድል ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሐጂ ሸረፋ ያን አሮጌ ካሚዮን ለብረት ሸጠው አንዲት ነጭ የቤት መኪና ከአዲስ አበባ አስመጡ። ወንበሯ እንደ ሳሎን ወንበር የለሰለሰ ነው። ከመሪዋ ፊት ያለው ክሩስኮት በመብራትና በመርፌ፣ በሚሳብና በሚጠመዘዝ ነገር የተሞላ ነው። አብሯት አንድ መጽሐፍ መጣ፣ መጽሐፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሐጂ ደግሞ የገዙት ነገር ሁሉ ምን እንደሚሠራ ካላወቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ስለዚህ ከጎጃም መጥታ በከተማው ትምህርት ቤት የምታስተምረውን ወይዘሪት እሌኒን አስጠርተው፣ ከሱቃቸው በረንዳ ላይ አስቀምጠው መጽሐፉን አስነበቡ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ከድሮ የመኪናዋን ክንፍ ተደግፎ ቆመ። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ መኪና ሊያስተምሩት መሆኑ ደሙን አፍልቶት ነበር።

እሌኒ ረጋ ብላ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። ክሩስኮቱ ላይ በሚሳቡት ነገሮች ዕቃ አታንጠልጥሉ አለች። ሲጋራ ማቀጣጠያው ግሎ ስለሚወጣ ልጅ እንዳይነካው አለች። ከፊት የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ቀበቶውን በትከሻና በወገባቸው ላይ አድርገው ይሰሩ አለች።

«እኔን?» አሉ ሐጂ። «በገዛ መኪናዬ እንደ እስረኛ ልታሰር?»

ሰዉ ሳቀ። ሐጂ እዚያው በዚያው ልብስ ሰፊ አስጠርተው፣ ቀበቶዎቹ ከሥር እንዲገቡ አድርጎ ለፊት ወንበሮች ቀይ ከፋይ እንዲሰፋላቸው አዘዙ።

እሌኒ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ገጽ ገለጠች። «መኪናው በመሄድ ላይ ሳለ ቁልፉን ፈጽሞ አትንቀሉ። ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ይቆለፋል።» ቀና ብላ ከድሮን አየችው። «ሌባ እንዳይነዳት ተብሎ ነው ጋሽ ከድሮ። ሞተሩን ማጥፋት ብቻ አይቆልፈውም፤ መንቀል ነው የሚቆልፈው።»

ሁሉም ዞረው ተመለከቱት። የቁልፉን ነገር የማያውቅ አልነበረማ።

«ወይዘሪት እሌኒ» አለ ከድሮ፣ «አንቺ ጠመኔሽን ያዢ፣ መሪውን ለእኔ ተይልኝ።»

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። እሌኒ ፊቷ ቀላ፤ መጽሐፉን ዘጋችና «እኔ ያልኩት አይደለም፣ የተጻፈ ነው» ብላ ሄደች። ከድሮ ያን ቀን እንደ ንጉሥ ተቆጥሮ ዋለ።

በማግስቱ ማለዳ ግን ማንም ሳያየው መኪናዋን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወስዶ አቆማት። ቁልፉን ነቀለ። መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ሲል ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ፣ መሪውም ድርቅ አለ። ሳበው። ገፋው። በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ድንጋይ ነው። ቁልፉን መልሶ ሲከት ለቀቀ፣ ሲነቅል እንደገና ያዘ። ከድሮ ብርዱ ገና ሳይለቅ ላብ አጠመቀው። በየቁልቁለቱ ያለፈባቸው ኩርባዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ዓይኑ ላይ መጡበት። ልጅቷ ልክ ነበረች።

ታዲያ ልክ ነበረች ብሎ መናገር ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ነው። ግን ያ ሁሉ ሰው ሥቆባታል፣ ያሳቀውም እሱ ነው። ነገሩን በሆዱ ያዘ።

ከሳምንት በኋላ ሐጂ ለንግድ ጅማ ሊሄዱ ተነሡ። ከፊት እሳቸው፣ ከኋላ አንድ ልጃቸው ሙስተፋ ተቀመጡ። ሙስተፋ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መንዳት ያስተማረው ከድሮ ሲሆን፣ ከአባቱ ይልቅ እሱን ይሰማል የሚባል ልጅ ነበር። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«በል እንጂ ከድሮ፣ ቁልፉን።»

ከድሮ ይህ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፣ ተዘጋጅቶበታልም። የመኪናዋ ቁልፍ ከመሪው በስተግራ ስለሆነ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው አይታይም፤ በዚያ ላይ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎበታል። ቁልፉን አንድ ነጥብ ወደ ኋላ መልሶ ሞተሩን አጠፋና እዚያው ተወው። ከኪሱ የተሸጠውን ካሚዮን ቁልፍ አውጥቶ በሐጂ መዳፍ ላይ አኖረው። ሐጂ ቁልፍን ከቁልፍ መች ይለያሉ! ጨብጠው ያዙት።

ያለ ሞተር ወረዱ። ከድልድዩ ማዶ ሐጂ ቁልፉን ሲመልሱለት በኩራት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አየህ አይደል? መጽሐፍ እንዲህ ይላል፣ ከድሮ እንዲህ ያደርጋል።»

«አየሁ» አለ ሙስተፋ። ዓይኖቹ ከድሮ ላይ ነበሩ፣ በአድናቆት ፈዘዋል። ከድሮ ያደረገው ነገር የታየው ያን ጊዜ ነው። አባቱን ማታለሉ ምንም አልመሰለውም ነበር። ልጁ ግን መኪና ይነዳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሣው። እነግረዋለሁ ይላል፣ ነገ ይላል። እሌኒም በዚያው ሰሞን ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውራ ሄደች፤ መጽሐፉን የሐጂ ሚስት ሣጥን ውስጥ ከተቱት። እንግዲህ በወልቂጤ ነገሩን አጣርቶ የሚያውቅ ከድሮ ብቻ ቀረ።

አንድ ቀን መኪናዋን ሲያጥቡ ሙስተፋ ራሱ አነሣው። «ጋሽ ከድሮ፣ እኔም አንድ ቀን ቁልፉን ነቅዬ እወርዳለሁ።»

«አንተ ገና ነህ» አለ ከድሮ።

«እስከ መቼ ነው ገና የምሆነው?»

«እኔ እስክልህ ድረስ።» ይህን ብሎ ልቡ ትንሽ ቀለለው። እኔ እስክልህ ድረስ ብዬዋለሁ፣ ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ራሱን አታለለ። ሰው ራሱን ሲያታልል ደግሞ እንዴት ጎበዝ ነው!

በጥር ሙስተፋ ሀሊሜ የምትባል የቡታጅራ ልጅ አገባ። ጥርሷ የማይከደን ሳቂታ ልጅ ናት። ሰርጉ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ጅማ ያሉትን አክስቷን ሊጠይቁ ሁለቱ ብቻ በመኪናዋ እንዲሄዱ ተወሰነ። ከድሮ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወትሮው ሲገላበጥ አድሮ ይህን የሰማው ጠዋት ነው። ሱቁ ጋ ሲደርስ ሙስተፋ መሪው ላይ ነው፣ ሀሊሜ ከጎኑ ናት፣ ዘመድ ከብቧቸው ይመርቃል።

ሀሊሜ በቀዩ ከፋይ ጠርዝ ሥር እጇን ሰዳ ትዳብሳለች። «እዚህ ውስጥ የሚታሰር ነገር አለ አሉኝ፤ ባስረው አይሻልም?»

«አባቴ ያሰፉትን ልትቀጂ ነው?» አለ ሙስተፋ እየሳቀ። እሷም ሳቀችና እጇን አወጣች።

ከድሮ በሙስተፋ በኩል ባለው መስኮት አጎነበሰ።

«ሙስተፋ።»

«አቤት ጋሽ ከድሮ።»

«ቁልፉን...»

ሐጂ ከኋላው መጡ። «ምን እያልከው ነው?» አሉ። የሚመርቁት ዘመዶችም የሚለውን ሊሰሙ ጠጋ አሉ። ሃያ ዓመት የሠራለት ስሙ እዚያች መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ታየው። የሚወደው ልጅም እዚያው ነበር፣ ሁለት ክንድ የማይርቅ፣ ጢሙን ገና ተላጭቶ የሽቶ ሽታ እየሸተተ።

«ቁልፉን ምን?» አለ ሙስተፋ።

«ቁልፉን እንዳትጥለው» አለ ከድሮ። «መለዋወጫ የለውም።»

«እሺ።» መኪናዋ ተነሣች። ሀሊሜ እጇን በመስኮት አውጥታ እስከ መታጠፊያው ድረስ አውለበለበች።

ከድሮ ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ምሳ አመጡለት፣ አልበላም። ከጅማ በኩል የሚመጣ መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ይነሣል። ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ፈልጎ መላክ ይችል ነበር፣ በጭነት መኪና ተለምኖ ተሳፍሮ መከተል ይችል ነበር፤ ይህን ያሰበው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። አሁን አፋፉ ጋ ደርሰዋል፣ አሁን ድልድዩን ተሻግረዋል እያለ በልቡ አብሯቸው ሄደ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ተሻግረዋል ብሎ አልሐምዱሊላህ አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጅማ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ተረፈ የከድሮ የድሮ ባልደረባ ነው። ሌላ ጊዜ ክላክስ እየነፋ ነበር የሚገባው። ወርዶ ወደ ሱቁ ሲመጣ ሸሚዙ ላይ ደም ነበር።

«ከድሮ» አለ፣ «ሐጂን ሰው ይያዝልኝ።»

ልጁ በሕይወት እንዳለ ነገራቸው። ሁለት እግሩ ተሰብሯል፣ መሪው ደረቱን መቶታል፣ የሚስዮን ሐኪም ቤት አድርሰነዋል አለ። ልጅቷ በፊት መስታወቱ ወጥታለች። ከድንጋዩ ላይ ሲያነሧት ሞታ ነበር።

«ገርሞኛል» አለ ተረፈ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመጀመሪያዋን ኩርባ አልዞራትም። የጎማው ፈለግ ጠምዘዝ እንኳ አላለም፤ ቀጥ ብሎ ነው የገባው። ቁልፉ ደግሞ በልጅቷ እጅ ነው የነበረው፤ ጣቷን አንድ በአንድ ዘርግተን ነው ያወጣነው።»

ሀሊሜን በማግስቱ ቀበሩ። ከድሮ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ሌላ ሰው ሊያሳርፈው ቢለምነው እንቢ ብሎ መቃብሩ ድረስ አደረሳት። ሰዎች እንዴት ያለ ታማኝ ሰው ነው አሉ።

በአሥረኛው ቀን ሐጂ ይዘውት ሐኪም ቤት ሄዱ። ሙስተፋ ሁለት እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሲተነፍስ ያመዋል። ከድሮን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እጁን ዘርግቶ የከድሮን እጅ ያዘና ሊስመው ሳበው።

«አፉ ይበሉኝ ጋሽ ከድሮ። አንተ ገና ነህ ብለውኝ ነበር።»

ከድሮ እጁን ሳበና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አሳየኝ አለችኝ። እኔም ነቅዬ ሰጠኋት። ኩርባዋ ጋ ስደርስ መሪው እንቢ አለኝ። በሙሉ ጉልበቴ ሳብኩት፣ እንቢ አለኝ።» ትንፋሽ አጠረውና ደረቱን ያዘ። «እርስዎ ሲወርዱ አይቻለሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ምንድን ነው እርስዎ አድርገውት እኔ ያላደረግኩት?»

«እኔም በእጄ ይዤው ነበር እኮ፣ ያንኑ ቁልፍ» አሉ ሐጂ። ልቅሶ ድምፃቸውን ሰብሮታል። እሳቸውም ወደ ከድሮ ዞሩ። ክፍሉ ውስጥ ከሦስቱ በቀር ማንም አልነበረም። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ከድሮ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የካሚዮኑ ቁልፍም፣ ጋቢውም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ሁሉም። ልጁ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያየዋል፣ ዛሬም በዚያው አድናቆት።

«ልምድ ነው» አለ ከድሮ።

ሙስተፋ ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ ነኛ የገደልኳት» አለ ቀስ ብሎ። ሐጂ የልጃቸውን ግንባር ዳበሱ። የአላህ ውሳኔ ነው፣ ተው አሉት። ከዚያ ሊያጽናኑት ፈልገው፣ እግሩ ሲድን ሌላ መኪና እንደሚገዙ፣ ያን ጊዜ ከድሮ ቁልቁለቱን በደንብ እንደሚያስተምረው ነገሩት።

«ያስተምሩኛል?» አለ ሙስተፋ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ኢንሻላህ» አለ ከድሮ።