ጥፋተኛው ድንጋይ

አጎትዬው የፖስተሩን ርዕስ ጮክ ብሎ ሲያነብ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ግማሹ ዞሮ አየው። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከሞተር ድምፅ በላይ ሲያወራ ስለኖረ ቀስ ብሎ መናገር አልፈጠረበትም።

«‘የላይኛው ወንዝ ፎስፌት ምንጭ፦ የአለቱ ድርሻ’» አለና ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተከለ። «ይኼ እንግዲህ በሰው ቋንቋ ምን ማለት ነው፣ ሊቁ?»

ሊቁ የሚለው የእህቱን ልጅ ነው። የሳይንስ ፋኩልቲው በየዓመቱ ከምረቃው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከየትምህርት ክፍሉ የላቀውን የተመራቂ ጥናት መርጦ አዳራሹ ውስጥ ይሰቅላል። ቤተሰብ ይጠራል፤ ተመራቂዎቹም በየሰሌዳቸው አጠገብ ቆመው ለጠየቃቸው ሁሉ ሲያስረዱ ያረፍዳሉ። ከዚያ መድረክ ላይ እየተጠሩ ሜዳሊያ ያጠልቃሉ። ከአካባቢ ኬሚስትሪ ዘንድሮ የተመረጠው የሊቁ ሥራ ነበር።

«ወንዛችን ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን ነው የሚናገረው» አለ ልጁ፣ አዲሱን ክራቫት እያላላ። «ፎስፌት የሚባል ጨው አለ፣ አጎቴ። ማዳበሪያ ውስጥ ይገኛል፣ የዱቄት ሳሙና ውስጥ ይገኛል። ውሃ ውስጥ ሲበዛ አልጌውን፣ ያንን አረንጓዴ ሽፋን፣ ያደልበዋል። እስከ ዛሬ ከሰፈራችን እጣቢ ነው የሚመጣው ሲባል ነበር። እኔ ግን ከሰፈሩ በላይ፣ ቤት የሚባል ነገር ከሌለበት ከምንጩ አጠገብ ቀድቼ ስለካው እዚያም አለ። ከአለቱ እየሟሟ ነው ማለት ነው።»

«ሳሙናችን ነፃ ወጣ በለኛ!»

«ሙሉ በሙሉ እንኳን…»

«ተወኝ! ጥፋተኛው ድንጋዩ ነው። ስንት ዘመን ሴቶቹን ‘ወንዝ አቆሸሻችሁ’ እያለ ቁም ስቅል ያሳየ ሁሉ፣ አሁን ይሂድና ድንጋዩን ይክሰስ!»

ከጎኑ ባለው ሰሌዳ የንቦችን ጥናት ይዞ የቆመው ጓደኛው ሳቀ። በቁመቱ ምክንያት ክፍሉ ሁሉ ቀጭኔ ነው የሚለው። ሊቁም ሳቀ። ያን ያህል ደስ ያለው ቀን አያስታውስም።

እናቱ እስካሁን አልተናገረችም። ፖስተሩን ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ፎቶ አልበም ቀስ ብላ ስታየው ቆይታ ከታች ጥግ ላይ ካለችው ሥዕል ስትደርስ ፊቷ በራ። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ የተደረደሩ ነጫጭ የናሙና ጠርሙሶች ነበሩ።

«ውይ! ጠርሙሶቼ!» አለች።

«የምን ጠርሙሶችሽ ናቸው?» አለ ወንድሟ።

«እኔ አይደለሁ እንዴ ሳጥባቸው የከረምኩት?»

ልጁ የቀልድ መስሎት ፈገግ እንዳለ ዞረ። «የትኞቹን ነው፣ እማ?»

«ከአልጋህ ሥር በላስቲክ ቋጥረህ የምታስቀምጣቸውን ነዋ። አንተ አመሻሽ ላይ ወጣ ስትል አያቸዋለሁ፤ የሆነ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታሉ። ልጄ ነገ በዚህ ሊሠራ ነው? አልኩና በዱቄት ሳሙና ፍትግ አድርጌ፣ አለቅልቄ፣ አድርቄ፣ እንደነበሩ መልሼ ቋጠርኳቸው። በሄድክ ቁጥር። አንድ ቀን እነግረዋለሁ ብዬ ለዛሬ ነው ያቆየሁት። በዚህ ነገር እኔም እጄ አለበት።»

ሰው ሲደነግጥ ደሙ ቀጥ ይላል ይባላል። የእሱ ግን ቀጥ አላለም፤ ከእግሩ ተነስቶ ፊቱ ላይ ወጣ። እነዚያን ጠርሙሶች ቤተ ሙከራ ውስጥ አሲድ ውስጥ እየዘፈዘፈ፣ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ እያለቀለቀ ነበር ወደ ቤት የሚያመጣቸው፤ ወንዙ ለቤታቸው ስለሚቀርብ ጠዋት ተነስቶ ለመቅዳት። ፎስፌት የሚለካ ሰው ዕቃው ሳሙና ሊነካበት አይገባም። ይህን አንደኛ ዓመት ሳለ ነው የተማረው። ለእናቱ ግን አልነገራትም። «አትንኪብኝ» እንኳን አላላትም። ምን ብዬ አስረዳታለሁ፣ ቀኑ ይመሻል፣ ብሎ ከአልጋው ሥር ገፋ አድርጓቸው ይወጣል።

ከምንጩ አጠገብ ያገኘው ያ ጉድ የተባለለት ፎስፌት፣ የገዛ ቤቱ ሳሙና ነበር።

ከዚህ የባሰ ደግሞ ነበር። እንዲህ ያለው ጉድ እንዳይመጣ የሚደረግ ነገር አለ። ከጠርሙሶቹ በአንዱ የተጣራ ውሃ ተሞልቶ ወንዝ ድረስ ይሄዳል፣ ከሌሎቹ ጋር ይመለሳል፣ እኩል ይለካል። ባዶ ናሙና ይሉታል። ባዶው ባዶ ካልሆነ ጥፋቱ የጠርሙሱ ነው። እሱ ግን አንድ ተጨማሪ ጠርሙስ መሸከም ሰልችቶት ባዶ ናሙናውን እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ በንጹህ ብርጭቆ ሠራውና «ባዶ ናሙና፦ ዜሮ» ብሎ ጻፈ። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

«ምነው ዝም አልክ? እጄ አይመጥንም?» አለች እናቱ እየሳቀች።

ይህን እያለች የጥናቱ አማካሪ መጡ። በዕድሜ ከእናቱ ጋር የሚቀራረቡ፣ ሲናገሩ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። ዛሬ ግን ፊታቸው ፈታ ብሏል።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እናቴ» አሉና የእናቱን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጥናቱን ጠይቀውናል። ጥፋቱ የአለቱ ከሆነ ለሰፈሩ ሊዘረጋ የታሰበው የፍሳሽ መስመር ይቆይ ሊሉ ነው መሰለኝ፤ እሱን እንነጋገርበታለን። ልጅዎ ጠንቃቃ ነው።»

«ጥንቃቄውንማ ከኔ ነው የወረሰው» አለች እናቱ፣ ደስታዋ ከአፏ እየቀደመ። «እኔ እኮ ጠርሙሶቹን ሳይቀር ነው በ…»

«እማ!» አለ።

የአማካሪዋ ፈገግታ ከንፈራቸው ላይ ቀረ፣ ከዓይናቸው ግን ወረደ። «የምን ጠርሙስ?»

«የቤት ነው፣ ዶክተር። የውሃ መጠጫ። ትንሽ… ተምታቶባት ነው።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ጆሮው ላይ እንግዳ ሆነ። እናቱ ቀና ብላ አየችው። ይህች ሴት፣ እሱ ልጅ ሳለ ለዋሸው እያንዳንዱ ውሸት አፉን በበርበሬ እቀባዋለሁ እያለች ያሳደገችው ናት። ነገሩን ከዓይኑ አነበበች፤ ከዚያም የአማካሪዋን እጅ ለቀቀች።

«አዎ፣ የመጠጫው ነው» አለች። «እኔ ምን አውቅና ነው። ዕድሜ እኮ ነው።»

አማካሪዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። «እሺ። ፕሮግራሙ ሊጀመር ነው፣ ቦታ ያዙ» ብለው ወደ መድረኩ ሄዱ።

«የምን ዕድሜ?» አለ አጎትዬው። «ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ጎማ ከእኔ ጋር ስትገፋ የነበረች ሴት ዛሬ በአንድ ጠርሙስ አረጀች? ምን ሆናችሁ?»

«አንተ ሂድና ወንበር ያዝልን» አለችው እህቱ። አነጋገሯ ስላላማረው ሄደ።

ብቻቸውን ሲቀሩ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አበላሸሁብህ አይደል? ሳሙናው ነው። ቅድም ‘የዱቄት ሳሙና ውስጥ አለ’ ስትለው ሰምቻለሁ።»

ፖስተሩ ጥግ ላይ ያሉትን ጠርሙሶች አየ።

«ለማን ተናገርኩ? ለማንም። መጠጫ ነው ብያለሁ፣ መጠጫ ነው። ሂድ፣ ሜዳሊያህን አጥልቅ። እኔ አፌን ቆልፌያለሁ።»

ከጎን ቀጭኔ ፊቱን ወደ ንቦቹ አዙሮ ፖስተሩን እንደ አዲስ ሲያነብ ቆየና ሳይዞር «እኔም ምንም አልሰማሁ» አለ።

ለጓደኛው ብሎ ነው። ሊቁ ግን ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠው አይጠላም ነበር። እስካሁን የዋሸው እሱ አንድ ብቻ ነበር። አሁን ሦስት ሆኑ፤ ሁለቱ ደግሞ ስለሚወዱት ነው የዋሹት። ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ ቢያጠልቅ እናቱ ከሥር ቆማ ስታጨበጭብለት ታየው። በዚያ ቤት ከዚህ በኋላ ጠርሙስ ባየች ቁጥር አንገቷን እንደምትደፋም ታየው።

አማካሪዋን መድረኩ ጀርባ ባለው ኮሪደር ላይ፣ የሽልማቱ ጠረጴዛ አጠገብ ደረሰባቸው።

«ዶክተር፣ እናቴ አልተምታታባትም። ጠርሙሶቹ እነዚያው የናሙናዎቹ ናቸው። አጥባቸዋለች።»

«በምን?»

«በዱቄት ሳሙና።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አማካሪዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ባዶ ናሙናው ዜሮ ነው ብለሃል እኮ።»

«ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የሠራሁት፣ በብርጭቆ። ወንዝ ድረስ አልወሰድኩትም። ሸክሙ…» ማለት ጀመረና ሸክሙ አንዲት ጠርሙስ እንደነበረች ትዝ አለው። «ሰንፌ ነው።»

መነጽሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«እኔም ‘የት ሠራኸው’ ብዬ አልጠየቅኩህም» አሉ በመጨረሻ። «ውጤቱ ስላማረኝ። የእኔ ፊርማም አለበት፤ እሱን እኔ ለዲኑ እናገራለሁ፣ ለውሃ መሥሪያ ቤቱም እጽፋለሁ። አንተ ሂድና ፖስተሩን አውርደው። የውሃው ልኬት ይደገማል፤ ለመመረቅ የሚያግድህ ነገር ካለ ኋላ እናያለን።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ስለ ጠርሙሱ የነገርከኝ አንድ ነገር ነው። ስለ እናትህ ያልከኝ ግን…» ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ።

ፖስተሩን ሲያወርድ ቀጭኔ መጥቶ በሌላው ጫፍ ያዘለት። ሰው ሁሉ ወደ መቀመጫው እየገባ ስለነበር ብዙ ዓይን አላየውም፤ ለእሱ ግን አዳራሹ ሁሉ ያየው መሰለው።

በእናቱና በአጎቱ መካከል ተቀመጠ። ዲኑ የየዘርፉን ተሸላሚ መጥራት ጀመሩ። ጭብጨባ፣ እልልታ፣ የስልክ ካሜራ። ከዚያ «በአካባቢ ኬሚስትሪ ዘርፍ ዘንድሮ ሽልማት አይኖርም» ብለው ወደ ቀጣዩ አለፉ።

«እንዴ!» አለ አጎትዬው። «የእኛስ?»

ከፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ዞሩ።

«ቀስ በል፣ ወንድሜ» አለች እናቱ። «እኔ ነኝ። ጠርሙሱን በሳሙና አጥቤ አበላሸሁበት። ያላዋቂ እጅ።»

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ሁሉ ኋላ ይበልጥ ያሳፈረችው ይህች ዝምታ ናት፤ ምክንያቱም ጣመችው። የዞሩት ሰዎች ዓይን ከእሱ ላይ ተነስቶ እናቱ ላይ ሲያርፍ ትከሻው ቀለለው። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች፤ «አይ እናት» አለች።

«አይደለችም፣ አጎቴ» አለ፤ ድምፁ ራሱ የሌላ ሰው መሰለው። «እሷ አታውቅም፤ ያልነገርኳት እኔ ነኝ። ብትነካቸውም እንኳ የሚያጋልጥ መንገድ ነበረው፤ እሱን ዘለልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የዞሩት ሰዎች ፊታቸውን መለሱ። የንቦቹ ዘርፍ ተጠራና ቀጭኔ መድረኩ ላይ አጎንብሶ ሜዳሊያውን ሲያጠልቅ እናቱ አጨበጨበች። ልጁ እጇን ሊይዝ ዘረጋ፤ እሷ ግን ማጨብጨቧን አላቋረጠችም፤ ሌላው ሁሉ አቁሞ እንኳን ትንሽ ቀጠለች።

«የሳሙናውን አላወቅኩም፣ ይሁን» አለች ፊት ለፊት እያየች። «ግን እኔ ተምታቶብኝ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ያንን ለሴትዮዋ ነግረሃታል?»

«ነግሬያቸዋለሁ፣ እማ። ለዚያ ነው የሄድኩት።»

«እኔ በሌለሁበት።»

«አዎ።»

«ያልከው እኔ ባለሁበት ነው።»

ዝግጅቱ ሲያልቅ አማካሪዋ መድረኩ ሥር በተሸላሚዎችና በወላጆች ተከበው ፎቶ ይነሱ ነበር። እናትና ልጅ ዳር ላይ ቆመው ተራ ጠበቁ። ሜዳሊያ ያጠለቁት ከነቤተሰባቸው እየሳቁ ያልፏቸዋል፤ ሊቁም ለእያንዳንዱ «እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ይላል፤ ፊቱ እሳት ሆኗል። አንዴ «ነገ ቢሮ እንሂድ፣ እማ፤ ሰው በዝቷል» አላት። አልመለሰችለትም፤ ቀሚሷን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመች።

አማካሪዋ ዞሩ። በዙሪያቸው ያሉት ሰዎችም አብረው ዞሩ።

«ዶክተር» አለ። «ቅድም እናቴን ተምታቶባት ነው ብዬ ነበር። አልተምታታባትም። ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ፎቶ ለመነሳት ተሰልፈው የነበሩት ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። እናቱ ራሷን ነቀነቀችና ለአማካሪዋ እጇን ዘረጋች።