ምሰሶው ሰምቶታል

"ቀስ ይበሉ እንጂ፣ እትዬ ቨርሊን። ጎመን እየነቀሉ እኮ አይደለም።"

ቨርሊን እጇን አላላች። ጆኔል እንደ ልጅነቷ ትራስ አንጥፋ ወለሉ ላይ፣ በቨርሊን ጉልበቶች መካከል ተቀምጣለች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሹሩባዋን የሠራችላት ይህችው ጎረቤት ናት። ዛሬ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ስላለ ጆኔል የምታነበውን ወረቀት ይዛ ትለማመዳለች።

"ያዳምጡኝ። 'አባቴ ሆሊስ ጌይንስ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። በማርች ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ቆሻሻ ሊጥል እንደወጣ በጥይት ተመታ። ተኩስ ሰምቶ ለፖሊስ እንዲናገር በየመብራት ምሰሶው ላይ የሰቀላችሁት ማሽን ርችት ነው ብሎ አለፈው። አባቴ አርባ ደቂቃ ብቻውን ደም ሲፈሰው ቆየ። ያገኘው ፖስተኛው ነው።' እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው" አለች ቨርሊን።

"'ጎረቤት ለምን አልደወለም' ብለው ሊያመልጡ ይፈልጋሉ። አፋቸውን የምዘጋው እዚህ ላይ ነው። 'አሥር እርምጃ ርቀት ላይ የምትኖረው ወይዘሮ ቨርሊን ቲብስ እንኳ አልሰማችም። እሷ ብትሰማ ኖሮ አባቴ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር።' ይህን ስል እርስዎ ከጎኔ ብድግ ይላሉ። መናገር አይጠበቅብዎትም። ተናጋሪማ እስከ ስድስት ሰዓት በስልክ መመዝገብ አለበት።"

ቨርሊን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስልክ ላለማየት ሚዶውን ቅባት ውስጥ ነከረች።

ከሦስት ዓመት በፊት ማሽኑ እንዲተከል ቤት ለቤት እየዞረች ፊርማ የሰበሰበችው እሷ ነበረች። ያኔ ፖሊስ የጠራ ሰው ደጃፍ ላይ የፖሊስ መኪና ይቆማል፤ መንደሩም ጠቋሚውን ያውቃል። በመደወሏ የእሷ መኪና መስታወት ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። "ከእንግዲህ መደወል ቀረ፤ ምሰሶው ይናገርልናል" እያለች አስፈረመች። ሰዉ እፎይ ብሎ ፈረመ።

"ማሽኑ ይነሳ ነው የምትይው?" አለች።

"ታዲያ ምን ልበል?"

"በጥይት የተመታውን የጎረቤታችንን የሎሬይንን ልጅ እኮ፣ ማንም ሳይደውል በአራት ደቂቃ ደርሰው አትርፈውታል።"

"እሱ ዕድለኛ ነው። የአክስቴን ልጅ ደግሞ የጎረቤት መኪና ጭስ ማውጫ ቢጮህ ማሽኑ ተኩስ ነው ብሎ፣ ስድስት ፖሊስ መጥቶ አስፋልት ላይ አስተኝቶታል። አባቴን ግን አልሰማም። እርስዎ ደግሞ ዛሬ ከማን ጋር ነዎት?"

 ቨርሊን ያን ማክሰኞ እዚሁ ቁጭ ብላ ስኳር ድንች ትልጥ ነበር። ተኩሱን ጥርት አድርጋ ሰማችው። ተነስታ ስልኩን አነሳች። ከዚያ የመኪናዋ መስታወት ትዝ አላት፤ "ምሰሶው ሰምቶታል" ብላ መልሳ ሰቀለችውና ወደ ድንቿ ተመለሰች። በቀብሩ ዕለት ጆኔል ስትጠይቃት "ቴሌቪዥን ከፍቼ ነበር" አለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከፍቶ ነበር አሉ።

ከዚያ ወዲህ ይህች ልጅ "እትዬ" ባለቻት ቁጥር ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትመኛለች። አሁን ደግሞ ውሸቷን በከተማው ሁሉ ፊት ቆማ ልትመሰክርለት ነው።

"ያንን መስመር አውጪው" አለች።

"የትኛውን?"

"የእኔን። ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ ነበር፣ ጆኔል። ሰምቼዋለሁ።"

ጆኔል አልዞረችም። ያልተቋጨው ሹሩባ አሁንም በቨርሊን ጣቶች መካከል ነው።

"ምኑን?"

"ተኩሱን። ስልኩን አንስቼ ነበር። ማሽኑ ይናገራል ብዬ መልሼ ሰቀልኩት። ፈርቼም ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ድንች ላጥኩ።"

"አርባውን ደቂቃ?"

"ልጬ ጨረስኩ፤ ቀቀልኩት።"

ጆኔል ፀጉሯን ከቨርሊን እጅ አውጥታ ተነሳች። ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል። መስኮቱ ጋ ሄዳ አባቷ አጠገቡ የወደቀበትን የቆሻሻ በርሜል ስታይ ቆየች። ቨርሊን ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች፤ ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

"ከቀብሩ በኋላ ምግብ ያመጡልን ነበር እኮ" አለች ጆኔል በመጨረሻ። "በየቀኑ። እኔም ደግነት መስሎኝ እበላ ነበር።"

 ጆኔል ወረቀቷን ከወለሉ አነሳች፤ ወደ በሩ ሦስት እርምጃ ሄደችና ቆመች። በሩ አጠገብ በተሰቀለው መስታወት ውስጥ ራሷን አይታ ተመልሳ መጣች። ወለሉ ላይ ግን አልተቀመጠችም፤ ወንበር ስባ ጀርባዋን ሰጠቻት።

"በዚህ ፀጉር አልሄድም። ይጨርሱት።"

የግድግዳው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ቨርሊን ሚዶውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። እጇን ከቅባቱ በፎጣ ጠርጋ ተነሳችና ስልኩን አንስታ ደወለች።

"ለዛሬው ስብሰባ ተናጋሪ ሆኜ ልመዘገብ ነው" አለች። "ቨርሊን ቲብስ።"

"ማሽኑን ደግፈው ነው ተቃውመው?" አለች የምትመዘግበው ሴት።

ቨርሊን ወደ ጆኔል ዞረች። ጀርባዋን እንደሰጠች ናት፤ ታዳምጣለች።

"በማርች ወር የሰማሁትን ልናገር ነው" አለች።